ፍላሹ ባዶ ቢመስልም ፎርማት አታድርጉት፦ የተደበቀ ፋይል እንዴት ይታያል?

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊታተም ከአንዱ ጽሑፍ ቤት ወደ ሌላው ሲሰካ የዋለ ፍላሽ ማታ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ። አንዳንዴም ጭራሽ ባዶ ይመስላል። ያኔ አጠገብ ያለ ሰው ቶሎ የሚሰነዝረው ምክር «ፎርማት አድርገው» ነው። አብሽሩ፤ እንዲህ ያለው ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አይሰርዘውም። ሥራውን በእርግጥ የሚያጠፋው ፎርማቱ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉ መኖሩን አረጋግጡ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ኢ-ን ተጫኑ፤ የፍላሹ ምልክት ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ። «ዩዝድ ስፔስ» የሚለውን ተመልከቱ። ባዶ የመሰለው ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ 5 ጊጋባይቱ ተይዟል ካለ፣ ፋይሎቹ እዚያው አሉ። የተያዘው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ መደበቅ ሳይሆን መሰረዝ ነው፤ ፍላሹ ላይ ምንም አዲስ ነገር ሳትጽፉ የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም መሞከር ይኖርባችኋል።

ሾርትከቶቹን ደግሞ አትክፈቱ። ምልክቱ ላይ ከታች በግራ ጥግ ትንሽ የታጠፈች ቀስት አለች፤ መጠኑም ፎልደሩ ስንት ፋይል ቢይዝ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። ሲከፈት እውነተኛውን ፎልደር ስለሚያሳይ ሰው ደህና ይመስለዋል፤ ቫይረሱ ግን ከዚያ ቀድሞ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቷል። ከፍላሽ ፍላሽ የሚዛመተውም በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ማሳየቱ። በዊንዶውስ 11 ከላይ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ሂድን አይተምስ»። በዊንዶውስ 10 «ቪው» ውስጥ በቀኝ በኩል «ሂድን አይተምስ» ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7 ባላቸው ማሽኖች «ኦርጋናይዝ»፣ «ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ቪው» ውስጥ «ሾው ሂድን ፋይልስ» የሚለውን መርጦ ኦኬ ማለት ነው። የተደበቁት ደብዘዝ ባለ ቀለም ብቅ ይላሉ። እግረ መንገዳችሁን «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ንም አብሩት፤ የፎልደር መልክ ለብሶ የተቀመጠ የኢ-ኤክስ-ኢ (የፕሮግራም) ፋይል ያን ጊዜ ይጋለጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ምንም ሳይታየው ይቀርና ተስፋ ይቆርጣል። ቫይረሱ ፋይሉን «የተደበቀ» ብቻ ሳይሆን «የሲስተም» ብሎም ምልክት ስለሚያደርግበት ነው፤ ዊንዶውስ የሲስተም ፋይሎችን ለብቻ ነው የሚሸፍናቸው። በ«ኦፕሽንስ» በኩል «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡ፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «የስ» በሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ነገር ስም የለሽ ፎልደር ውስጥ ይከታል። ምልክቱ አለ፣ ከሥሩ ግን ጽሑፍ የለም። እሱን ክፈቱት፤ የምትፈልጉት ውስጡ ነው።

ሰነዶቻችሁን ብቻ እየመረጣችሁ ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ፤ ሾርትከቶቹንና የማታውቋቸውን ፕሮግራሞች ተዉ።

መደበቁን ከፍላሹ ላይ ለማንሣት ፕሮፐርቲስ ውስጥ ያለው «ሂድን» ደብዝዞ አልነካም ይላል፤ ምክንያቱ ያው የሲስተም ምልክቱ ነው። ስለዚህ በትእዛዝ እንሠራዋለን። ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ትእዛዙ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። መፈለጊያው ላይ ሲ-ኤም-ዲ ጽፋችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። የፍላሹን ፊደል (ከስሙ አጠገብ በቅንፍ የሚታየውን፣ ለምሳሌ ጂ) ከሁለት ነጥብ (:) ጋር ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። የመስመሩ መጀመሪያ ወደዚያ ፊደል መቀየሩን ሳታዩ አትቀጥሉ፤ ሲ ላይ ሆናችሁ ብትሠሩት የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ትነካካላችሁ። ቀጥሎ ኤ-ቲ-ቲ-አር-አይ-ቢ አያይዛችሁ ጻፉ። ከዚያ በየመሐላቸው ባዶ ቦታ እየተዋችሁ፦ አጭር ሰረዝ (-) ከኤስ ጋር፣ አጭር ሰረዝ ከኤች ጋር፣ አጭር ሰረዝ ከአር ጋር፣ ያዘመመ ሰረዝ (/) ከኤስ ጋር፣ ያዘመመ ሰረዝ ከዲ ጋር፣ መጨረሻ ላይ *.* አድርጋችሁ ኢንተር። ኤስንና ኤችን በአንድ መስመር ማንሣት ግድ ነው፤ ኤችን ብቻ ብታነሡ ፋይሉ የሲስተም ነው ብሎ እንቢ ይላችኋል። ፍላሹ ብዙ ፋይል ካለው ጥቂት ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል አትንቀሉት።

ፎልደሮቹ ከተመለሱ በኋላ ሾርትከቶቹን ሰርዙ፣ ፍላሹንም ኮምፒውተሩንም በአንቲቫይረስ አስፈትሹ። ወዲያው መልሶ ሾርትከት ከሆነ በሽታው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ፍላሹን ደጋግሞ ማጽዳት ልፋት ብቻ ነው።

የሲስተም ፋይሎችን መሸፈኛም ወደ ቦታው መልሱት። ክፍት ከተተወ ዴስክቶፕ ላይ «ዴስክቶፕ» የሚል ስም ያላቸው ሁለት ደብዛዛ ፋይሎች ይታያሉ፤ የዊንዶውስ ናቸው፣ አትሰርዟቸው። ስሙ በ~$ የሚጀምር የወርድ ፋይልም ሰነዱ ክፍት ሳለ የሚፈጠር ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ ጽሑፋችሁ እሱ ውስጥ የለም።

ማክ ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብ በአንድነት፤ በአብዛኞቹ ሊኑክስ ላይ ኮንትሮልና ኤች ይበቃሉ። በሁለቱም ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል የተደበቀ ነው። አንድሮይድም እንዲሁ ነው፤ ማሳያውን በፋይል ማናጀሩ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ለማሳተም ስትሄዱ ሥራችሁ ያለበትን ፍላሽ አትስጡ። ሰነዱን በፒዲኤፍ አድርጋችሁ በሌላ ባዶ ፍላሽ ወይም በቴሌግራም ላኩ፤ ፒዲኤፉ የአማርኛ ፎንቱንም እንዳለ ይዞ ይሄዳል።