የውስጣዊ ኢነርጂ ለውጥን ከሙቀትና ከስራ እንዴት እናሰላለን?

ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦ የውስጣዊ ኢነርጂ (አንድ ነገር በውስጡ የያዘው ኢነርጂ) ለውጥ = ሙቀት + ስራ። ደሴ ላይ ተማሪ ሳስጠና ይህን የማያውቅ አላጋጠመኝም። መልሱን የሚስተው ግን ብዙ ነው። ጣጣው ያለው ፕላስና ማይነሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሲስተሙን፣ ማለትም ኢነርጂው የሚሰላለትን ነገር፣ ለዩ። አብዛኛውን ጊዜ ፒስተን ባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለ ጋዝ ነው።

ቀጥሎ፣ ቁጥር ሳትነኩ ምልክቶቹን ጻፉ። ሁሉንም በጋዙ በኩል ሆናችሁ እዩት። ሙቀት ከገባለት ፕላስ፣ ከወጣበት ማይነስ። ጋዙ ሰፍቶ ፒስተኑን ከገፋ ኢነርጂ ከራሱ አውጥቷልና ስራው ማይነስ ነው። ከውጭ ከተጨመቀ ፕላስ።

ይህን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ደሴ ላይ ውሃውን ጠጡና ባዶውን ሃይላንድ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ታች የአየሩ ግፊት ስለሚበልጥ ውስጥ ያለውን አየር ጨምቆታል፤ ስራው ፕላስ። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ ሙቀትም ገብቶለታል፤ እሱም ፕላስ። ውስጣዊ ኢነርጂው ጨምሯል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ የፊዚክስና የኢንጂነሪንግ መጻሕፍት «ሙቀት − ስራ» ብለው ይጽፋሉ። እነሱ ስራ የሚሉት ጋዙ ራሱ የሠራውን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መቀላቀል ነው ጉዱ። ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር ወንድም ካስረዳችሁ፣ መጀመሪያ የቱን እንደሚጠቀም ጠይቁት። ፎርሙላ የሚሞላ የስልክ አፕም አይመቸኝም፤ ምልክቱን የምታስገቡት ያው እናንተው ናችሁ።

አሁን ስሌቱ። የውጭው ግፊት ካልተቀያየረ፣ ስራ = −የውጭ ግፊት × የቮልዩም ለውጥ። የውጭ ነው ያልኩት፣ የጋዙን ግፊት አይደለም። ለምሳሌ ጋዙ 500 ጁል ሙቀት ተቀብሎ በ1 አትሞስፌር ከ2 ወደ 5 ሊትር ሰፋ እንበል። ስራው −3 ሊትር አትሞስፌር ነው። እዚህ ጋ 500 − 3 ብሎ 497 የሚጽፍ አይጠፋም። ሊትር አትሞስፌር ጁል አይደለም! በ101.3 አባዙት፣ −304 ጁል ይመጣል። 500 − 304 = 196 ጁል።

1 አትሞስፌር ግን የባህር ወለል ግፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቷ ወደ 0.75 አትሞስፌር ይወርዳል። ያው ጋዝ እዚህ ቢሰፋ ስራው −228 ጁል፣ ለውጡ 272 ጁል ይሆናል። የሚገፋው አየር ስለሳሳ ከሙቀቱ ብዙውን ለራሱ አስቀረ። ፈተና ላይ ግን የተሰጣችሁን ግፊት ተጠቀሙ፤ ስለ ደሴ ከፍታ የሚጠይቃችሁ የለም።

ዕቃው ድርቅ ያለና የማይሰፋ ከሆነ ደግሞ ተገላገላችሁ። የቮልዩም ለውጥ ዜሮ፣ ስራው ዜሮ፣ መልሱ ሙቀቱ ብቻ ነው።