አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ከታክሲ ወረደና ኮምፒውተር የምጠግንበት ሱቄ ገባ። ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ትልቅ ሰሌዳ፣ ዱባይ የምትኖር እህቱ ገዝታ በሰው እጅ ልካለታለች፤ የቀረውን ከመርካቶ ለቃቅሟል፤ ሁለት ሌሊት ተቀምጦ ገጣጥሞታል። ቁልፉን ሲጫን ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል፤ ሌላ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ» አለኝ። የጎኑን ክዳን ከፈትኩት። ከማዘርቦርዱ በላይኛው ግራ ጥግ ያለው ባለ ስምንት ቀዳዳ ሶኬት ባዶውን ተቀምጧል፤ ገመዱ ከኋላ ተጣጥፎ ታስሯል። ፈትቼ ሰካሁት፣ አበራነው፣ ተነሳ። መጀመሪያ ያዘዝኩት ነገር ለእህቱ ቶሎ እንዲደውል ነበር።

ይህን ገመድ የሚረሱ ሰዎችን ቁጥር መያዝ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ትልቁ ባለ 24 ቀዳዳ ገመድ ማዘርቦርዱን ይመግባል፤ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ግን የራሱን 12 ቮልት የሚያገኘው በዚያ ጥግ ባለው ገመድ ነው። ማራገቢያ መዞሩ ለሁሉም ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ መነሳቱን እንጂ ፕሮሰሰሩ መሥራቱን አያሳይም። ምስል የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ገመድም ስምንት ቀዳዳ ስላለው ሰው ይሳሳታል፤ የፕሮሰሰሩ አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል፣ የካርዱ ስድስትና ሁለት ሆኖ ይከፈላል። አልገባም ካለ በጉልበት አትግፉት፤ ቦታው አይደለም ማለት ነው።

ሳይመረምሩ «ሞቷል» ማለት

በዚህኛው ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኛ አገር አንድ ማዘርቦርድ ከጎረቤት ሱቅ ተገዝቶ፣ አልሆነም ተብሎ በማግስቱ የሚመለስ ዕቃ አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ይለመናል፤ ዘመዱ ከደመወዙ ቀንሶ ይገዛል፤ የሚመጣ ሰው ይፈለጋል፤ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ይለመናል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ይሄዳል። እዚሁ የገዛችሁም ብትሆኑ ካርቶኑ ተቀዶ ብሎን የነካውን ዕቃ የሚመልስላችሁ ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ «ሞቷል» የምትለዋ ቃል ከአፍ ስትወጣ ዋጋ አላት፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ተገንዞ ወደ እኔ ከመጣው አዲስ ዕቃ አብዛኛው በሕይወት ያለ ነበር። ወይ አልተሰካም፣ ወይ ተሳስቶ ተሰክቷል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር አይግባባም። አንድ ዕቃ ሞቷል ለማለት መሥራቱ በተረጋገጠ ሌላ ዕቃ ተተክቶ መታየት አለበት፤ ሲተካም አንድ በአንድ ነው። ራሙንም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ፓወር ሰፕላዩንም በአንድ ጊዜ ቀይራችሁ ኮምፒውተሩ ቢነሳ የትኛው እንዳስነሳው አታውቁም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጀመሪያ ራም ገዛ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላይ ገዛ፣ ከዚያ ተበድሮ ፕሮሰሰር ገዛ። ሦስቱንም ይዞ ሲመጣ ጥፋቱ የኬዙ፣ የውጭ ሳጥኑ፣ ማብሪያ ቁልፍ ነበር። ውስጡ ያለችው ትንሽ ምላስ አትነካካም። ያን ቀን የእጄን ዋጋ ሳልቀበለው ሸኘሁት፤ ብቀበለው ኖሮ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

የኬዙን ቁልፍ ማመን

የዚያን ተማሪ ገንዘብ የሚያተርፈው ፍተሻ አንድ ካቻቢቴ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ከኬዙ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ገመዶች በአብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ታች በቀኝ ጥግ በኩል ይሰካሉ። የማብሪያው ሁለት መርፌዎች የትኞቹ እንደሆኑ ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ በሥዕል ተቀምጧል። ገመዱን ንቀሉና ሁለቱን መርፌዎች በካቻቢቴው ጫፍ ለአንድ አፍታ አነካኩ። ቮልቱ አነስተኛ ስለሆነ እጃችሁን አይነካም። ከተነሳ ጥፋቱ የቁልፉ ወይም የአሰካካችሁ ነው። የማብሪያው ገመድ ወዲህም ወዲያም ቢዞር ይሠራል፤ አቅጣጫ የሚመርጡት የመብራቶቹ ገመዶች ናቸው።

ፍተሻውን ከግድግዳው አለመጀመር

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ኮረንቲ መኖሩን እዩ። ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለው ማብሪያ ወደ ክቡ ምልክት ካጋደለ ጠፍቷል። አንዳንድ ስታብላይዘር ደግሞ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው ኮረንቲ የሚለቀው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ፣ በተለይ የቆየ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ጀርባውን አዙሩና ትንሽ ቀይ መምረጫ ካለው ቁጥሩን አንብቡ። እዚያ የቤቱ ኮረንቲ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። መምረጫው 115 ላይ እንደቆመ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከአቅማቸው በላይ ተሞልተው ይፈነዳሉ። ከጓደኛዬ ሱቅ ድምፁን ሰምቼ ሮጬ ገብቻለሁ፤ የተቃጠለው ሽታ እስከ ማግስቱ አልለቀቀም። እዚህ የሚሠራው 230 ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በተቃራኒው ከዚህ ተወስዶ እዚያ በ230 ቢሰካ ጉዳት የለውም፤ አይነሳም እንጂ። ዛሬ የሚሠሩት ደኅና ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ስለሚለዩ መምረጫ የላቸውም። የአሜሪካውን ስፒና በልል አስማሚ ከማስገደድ ደግሞ የአገር ውስጥ ገመድ ግዙ፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል የሚገባው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

ሁሉንም ኬዝ ውስጥ ከትቶ ጥፋት መፈለግ

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ለአንድ ድርጅት የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ቁልፉ ሲነካ ማራገቢያው ለቅጽበት ፈንጠር ይልና ቀጥ ይላል። ሙሉ ቀን ገመድ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ። ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ የናስ እግሮች አሉ፤ ኬዙ ለትልቅ ማዘርቦርድ ተብሎ እግሮቹ ተተክለውለት ነበር፣ የእኔው ማዘርቦርድ አነስተኛ ነው። ትርፍ የሆነችው አንዷ እግር ከጀርባው ያለውን ብየዳ ነክታ ኮረንቲውን ወደ ኬዙ ታወርደዋለች። ፓወር ሰፕላዩ ይህን አውቆ ራሱን ያጠፋል። ጥፋቱን ያገኘሁት ሁሉንም አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስነሳው ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በራሱ በማዘርቦርዱ ካርቶን ላይ ተቀምጦ መነሳት አለበት ብዬ ወስኛለሁ። ፕሮሰሰር፣ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፤ በቃ። ፕሮሰሰሩ ምስል የማያወጣ ዓይነት ከሆነ ብቻ ግራፊክስ ካርዱ ይጨመራል። ከተነሳ ሁለተኛውን ራም፣ ከዚያ ዲስኩን፣ በየመካከሉ ኮረንቲውን እያጠፋችሁ ጨምሩ። የቆመበት ቦታ ጥፋቱን ይነግራችኋል። ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ ካርድና ለዲስክ የተመደቡ አራት ትናንሽ መብራቶች አሉ። የትኛዋ ላይ በርቶ እንደቀረ ሳታዩ ምንም ነገር አትንቀሉ። የመጨረሻዋ ላይ ከቆመና ስክሪኑ ዲስክ አጣሁ የሚል ጽሑፍ ካወጣ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ደኅና ነው፣ ዊንዶውስ ስላልተጫነበት ነው።

ራምና ሞኒተር

ራም ካልጮኸ አልገባም፤ ጫፉ ቀጭ እስኪል በአውራ ጣት ግፉት። አራት ቦታ ካለና ሁለት ራም ከያዛችሁ በአብዛኛው ማዘርቦርድ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚገቡት።

ግራፊክስ ካርድ ከገጠማችሁ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ ነው የሚሰካው እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ስሙ መጨረሻ ላይ የኤፍ ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ሁሉ፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ በራሱ ምስል አያወጣም፤ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ም እንዲሁ ነው።

የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ መሰካት

ይህ ስህተት ከሁሉ ይለያል፤ የቀሩት ጊዜ ይወስዳሉ፣ ይህኛው ዕቃ ይገድላል። ገመዳቸው ከሁለቱም ጫፍ የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች አሉ። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ ስምምነት የተደረሰበትና አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ግን እያንዳንዱ ሠሪ እንደፈለገ ያደርገዋል፤ የአንድ ሠሪ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ቅርጹ አንድ ስለሆነ ይገባል፣ ቀጭ ይላል፣ ያስደስታል። ከዚያ 5 ቮልት በሚጠበቅበት ሽቦ 12 ቮልት ይሄዳል።

አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ የአሮጌውን ገመዶች እንዳሉ ተዋቸው፤ ከኬዙ ጀርባ አምሮ የታሰረውን ገመድ መፍታት አሳዝኖት ነው። አንድ ጊዜ አበራው። ሁለት ዲስኮች በዚያች ቅጽበት ሄዱ፤ በአንዱ ላይ ገና ለባለቤቶቹ ያልተሰጡ የሦስት ሠርግ ፎቶዎች ነበሩ። ሰውየው ሱቄ ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ ምን እንደምለው አጣሁ። እለምናችኋለሁ፣ ፓወር ሰፕላይ ስትቀይሩ ገመዱንም አብራችሁ ቀይሩ። ያገለገለ ስትገዙ የራሱ ገመድ ከሌለው አትግዙት። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ደግሞ አትክፈቱት፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚጎዳ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል።

ፕሮሰሰሩን የማያውቅ ማዘርቦርድ

ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት አንድ ስለሆነ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ቢ450 የሚባሉት ማዘርቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጡ ራይዘን 5000 የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ገና አልተሠራም፤ ያ ፕሮሰሰር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው። መጋዘን ውስጥ የቆየ ቢ450 ባዮሱ፣ ማለትም በውስጡ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም፣ ካልታደሰ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ስክሪኑም ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት የማዘርቦርዱ ሠሪ በድረ ገጹ ላይ ያወጣውን የፕሮሰሰሮች ዝርዝር አንብቡ። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ላይ ባዮሱን ማደስ ይችላል፤ ጀርባው ላይ ለዚህ የተሠራች ቁልፍ አለች። ይህን ሥራ መብራት በሚዋዥቅበት ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ አትጀምሩት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደኅናው ማዘርቦርድ ያን ጊዜ በእርግጥ ሊሞት ይችላል።

በየደቂቃው ማጥፋትና ማብራት

ዲዲአር5 የሚባለው የአዲሱ ዓይነት ራም ያለው ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ከራሙ ጋር መላመጃ ጊዜ ይወስዳል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት ላይ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ፣ የራሟም መብራት በርታ ብዙ ደቂቃ ልትቆይ ትችላለች። ጀማሪው በሁለተኛው ደቂቃ ያጠፋዋል፤ ኮምፒውተሩ ልምምዱን ከሀ ይጀምራል፤ እንደገና ያጠፋዋል። አብሩትና ቡና አፍሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አትንኩት።

የሠሩትን መደበቅ

ወደ ባለሙያ ስትመጡ የሆነውን ሁሉ ንገሩን። አንድ ደንበኛ «ምንም አልነካሁም» ብሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ራም ስቀያይር ከረምኩ፤ በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን ሳነሳ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች እንደተረገጠ ሣር ተኝተዋል። መደበቁ ከእፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቆጣሁትም፤ ግን ሁለት ቀን ለሁለታችንም ብዙ ነው።

ባለፈው ክረምት ደግሞ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከአባቷ ጋር መጣች። ራም ሁለት ሰክታ ኮምፒውተሩ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። አባትየው ስለ ዋጋ ሲጠይቀኝ እሷ አቀርቅራ ቆየችና «ስገጥመው ፕሮሰሰሩ ከእጄ አምልጦ በዚህ ጥግ ወድቆበታል» አለች፣ በጣቷ ቦታውን እያሳየች። ፕሮሰሰሩን አንስቼ የስልኬን መብራት በጎን አበራሁበት፤ ባለችው ጥግ ሦስት መርፌዎች ተጋድመዋል። በአጉሊ መነጽር እያየሁ በስፌት መርፌ አንድ በአንድ አቀናኋቸው፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ስናበራው ሁለቱም ራሞች ታዩ። አባቷ ሊከፍለኝ ኪሱ ሲገባ እሷ የስፌት መርፌውን አንስታ በመብራቱ አቅጣጫ ትመለከተው ነበር።