መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ሽፍታ ሲወጣ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ እንዴት ይለያል

እኛ ጎንደር አፍ ሲቆስልና ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚባለው ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ብዙ ጊዜም ይሻላል። ግን ሰውየው ባለፉት ሁለት ወራት አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ተጠንቀቁ። ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለው ከባዱ የመድኃኒት አለርጂ አጀማመሩ ልክ እንደዛ ነው፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ህመም፣ ዓይን ማቃጠል፣ ከዛ ሲነኩት የሚያም ሽፍታ፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ፣ የሚላጥ ከንፈር። የአክስቴን ልጅ ሳስታምም ነው ይሄን ያወቅኩት።

1. ሽፍታው ካመመ፣ አፍ ወይም ዓይን ከቆሰለ፣ ቆዳ ከተላጠ አትደሩ፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል። አዲሱን መድኃኒት አቁሙ። የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ከሆነ ግን ቀጣዩ የመዋጫ ሰዓት ሳይደርስ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ምን እንደሚተካ እሱ ይወስን። መድኃኒት በተወሰደ በደቂቃዎች ውስጥ ፊት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ ያ ሌላ ዓይነት አለርጂ ነው፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

2. ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ባዶውንም ጭምር።

3. ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉም የሚጠረጥረው መጨረሻ ላይ የተዋጠውን ነው። የኛም ቤት ሁሉም ማስታገሻውን ነበር የሚረግመው፣ እሱ ግን የተወሰደው ትኩሳቱ ከጀመረ በኋላ ነው፣ ትኩሳቱ ራሱ ደግሞ የአለርጂው መጀመሪያ ነበር! ጥፋተኛው ከሳምንታት በፊት የተጀመረው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካርባማዜፒን ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወረቀት ላይ መጀመሪያ ትኩሳቱ ወይም ጉሮሮው የጀመረበትን ቀን ጻፉ፣ ሽፍታው የወጣበትን አይደለም። ከዛ እያንዳንዱ መድኃኒት የተጀመረበትን ቀን፣ ከጓደኛ የተወሰደውንም፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም። ስቲቨንስ ጆንሰን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለዓመታት ሲወሰድ የኖረ መድኃኒት ብዙም አይጠረጠርም። በእነዛ ቀናት ውስጥ ከተጀመሩት መካከል ፀረ-ባክቴሪያው ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም የሚባለው)፣ የሪህ መድኃኒቱ አሎፑሪኖል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኔቪራፒን ካለ መጀመሪያ እሱን ለሐኪሙ ንገሩ። በቃል ብቻ አትተማመኑ፣ የታመመም አስታማሚም ቀን ይምታታበታል።

4. የቋጠረውን አታፍርጡ፣ ቅቤም ቅባትም አትቀቡ፣ ንጹህ አንሶላ ይበቃል። አንዱ የመድኃኒት አለርጂ ዓይነት ደግሞ ቆዳ ላይ ቀለል ብሎ ውስጥ የሚጎዳ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፣ ፊት ያብጣል፣ ንፍፊት ይወጣል፣ ጉበትና ኩላሊት ይነካል። ስለዚህ ሽፍታው ቀላል ቢመስልም ትኩሳት ካለው የጉበትና የኩላሊት የደም ምርመራ ይሰራልኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄ ነውር የለውም።

5. ሲወጡ የመድኃኒቱን ስም በካርድ አስጽፉ፣ የንግድ ስሙን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ስም፣ ምክንያቱም ያው መድኃኒት በሌላ ማሸጊያ ይመጣል። ስልክ ላይ ፎቶ አንሱት፣ ግን ስልክ ይጠፋልና ካርዱ ኪስ ውስጥ ይሁን። ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት እንዲያደርግም ጠይቁ፣ በ8482 በነጻ እናንተም መደወል ትችላላችሁ።

እና ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል እርስ በርስ ይዛመዳሉ፣ በአንዱ የተጎዳ ሰው ሌላውም ሊጎዳው ስለሚችል ካርዱ ላይ ሦስቱም ይጻፉ።