ለቤተሰብ የሚና ጨዋታ ተራራና ገደል በቤት ውስጥ መሥራት

አንዱ አዋቂ ተራኪ፣ ልጆቹ ደግሞ ባለታሪክ ሆነው ዳይስ እየጣሉ በሚጫወቱት የጠረጴዛ ላይ የተረት ጨዋታ፣ ገደሉ በቃል ብቻ ሲነገር እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ገደል ያስባል፤ ገደሉ ፊቱ ሲቀመጥለት ግን በጣቱ እየለካ «እዚህ ጋ መዝለል እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ስለዚህ የምንሠራው መልክዓ ምድር ከማማሩ በፊት ለመለካትና ባለታሪኮቹን የሚወክሉ ትናንሽ ምስሎችን ለማቆም የሚመች መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልክ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጎን ያለው ካሬ ሲሆን፣ እሱም 1.5 ሜትር ያህል ርቀትን ይወክላል። የሰው ምስሎቹ ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሁለት ምስሎች እንዲተላለፉበት የሚፈለግ መንገድ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሊጠብ አይገባም።

ደሴ ለሚኖር ሰው አርአያው ከደጁ ነው። የጦሳ ተራራ ከከተማው በላይ ቆሟል፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድም ለሽፍታ ማድፈጫም ሆነ ለዘንዶ ዋሻ እጅግ የተመቸ ነው። ተራራውን ለመሥራት ወፍራም ካርቶን ይዘጋጅና እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ካለው እያነሰ ይቆረጣል፤ ንብርብሮቹ በኮላ ተያይዘው ከባድ ዕቃ ተጭኖባቸው ያድራሉ። መንገዱ የሚያልፍበት ጠርዝ ሰፋ ተደርጎ ይተዋል። ከመለበጡ በፊት ምስሎቹን በየጠርዙ አቁሞ መሞከር ያስፈልጋል፤ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነውና።

ለልባጩ በእጅ የተቀደደ ጋዜጣ (በመቀስ የተቆረጠው ጠርዙ ይታያል) በቀጭኑ በተገነፋ የዱቄት ሙጫ እየተነከረ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይለጠፋል። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም ስለሚበዛባት በዚያ ወቅት ልባጩን ለማድረቅ መቸኮል አይገባም፤ ውስጡ ረጥቦ ቀለም የተቀባ ሥራ ይሻግታል።

ከቴሌቪዥን ወይም ከፍሪጅ ማሸጊያ የሚገኘው ነጭ ፎም ለቋጥኝ ተስማሚ ነው፤ ሆኖም በቀጥታ የሚነፋ ቀለም ያሟሟዋል። እኛ ቤት ልጆቹ ሦስት ቀን የደከሙበት ገደል በደቂቃዎች ውስጥ የሟሟው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐዘናቸውን ስላየሁ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ብቻ ይጠቀሙ። ፎሙን በከተር የሚቆርጠው አዋቂ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ድንጋይን ድንጋይ የሚያስመስለው የቀለሙ አቀባብ ነው። መጀመሪያ ሥራው በሙሉ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ይቀባል። ሲደርቅ ብሩሹ ግራጫ ቀለም ይነካና ምንም የቀረበት እስከማይመስል ድረስ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያ ቀለል አድርጎ ሲያሻሹት ቀለሙ ጎልተው የወጡትን ብቻ ይይዝና ስንጥቁ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህን በፈካ ግራጫ አንዴ መድገም ይበቃል። ለአፈር የቡና አተላ፣ ለሣር አረንጓዴ የተቀባ ሰጋቱራ በኮላ ይበተናል፤ አተላው ግን አስቀድሞ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ።

ሁሉንም አንድ ሰሌዳ ላይ ከማጣበቅ ይልቅ ተራራውን፣ ድልድዩንና ቋጥኙን ለየብቻ መሥራት ይሻላል፤ በየጨዋታው ቦታቸውን መለዋወጥ ይቻላል፣ ሲያልቅም በአንድ ካርቶን ተሰብስበው አልጋ ሥር ይገባሉ።