የሞምባሳውን የባሕር ዳር ምሽግ ታሪክ ለሐዋሳ ተማሪዎች ማስተማሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ታሪክ የሚያስተምሩ ከሆነ፣ ስለ ሞምባሳው ፎርት ጂሰስ የሚሰጡትን ትምህርት ከግንቡ ቅርጽ ይጀምሩ፤ ምሽጉ ለምን እንደታነጸ ከማንኛውም የዓመታት ዝርዝር በተሻለ የሚያስረዳው ቅርጹ ነውና።

ተማሪዎቹን ሜዳ ያውጡና በኖራ ሰፊ አራት ማዕዘን ያስምሩ፤ በየማዕዘኑም ወደ ውጭ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣ የግንብ ክንድ ያክሉበት። በየክንዱ ላይ አንዳንድ ተማሪ አቁመው፣ ሌላው ግድግዳው ሥር ተጠግቶ እንዲደበቅ ይንገሩት። የትም ቢጠጋ ከአንዱ ክንድ ላይ የቆመው ተማሪ ያየዋል። ጣሊያናዊው አርክቴክት ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ለፖርቱጋሎች የነደፈው፣ ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. የተገነባው ምሽግ የተመሠረተው በዚሁ ዘዴ ነው። ፖርቱጋሎችን ለማስተዋወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ በ1541 እ.ኤ.አ. ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ጋር በምጽዋ የገቡትን ማስታወስ ይበቃል።

ሰፊውን ጊዜ ለኦማን ጦር ከበባ ይስጡ፤ የምሽጉ ታሪክ እምብርት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከበባው ከመጋቢት 1696 እስከ ታኅሣሥ 1698 እ.ኤ.አ. ድረስ 33 ወራት ያህል ዘልቋል። የሐዋሳ ልጅ የሚያውቀው ጀልባ በማንኛውም ወር የሚቀዘፍበትን ሐይቅ ስለሆነ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ በየወቅቱ አቅጣጫውን እንደሚለውጥና በሕንድ ከነበረችው የፖርቱጋሎች ዋና ይዞታ ከጎዋ የሚነሣ የእርዳታ መርከብ ወደ አፍሪካ የሚነፍሰውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ መጠበቅ እንደነበረበት አስቀድመው ያስረዱ። ይህ ሲገባቸው፣ በግንቡ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በረሃብና በበሽታ ለምን እንዳለቁም ይገባቸዋል።

ዓመታቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ይጠንቀቁ። መጋቢት 1696 የእኛ 1688 ሲሆን፣ ታኅሣሥ 1698 ግን 1691 ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱም ላይ በደፈናው 8 የቀነሰ ተማሪ ከበባውን በአንድ ዓመት ያሳጥረዋል።

የኋላው ዘመን በአጭሩ ይበቃል፤ እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. እስር ቤት አድርገውት ነበር፣ በኋላ ሙዚየም ሆነ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ሲፈትኗቸው የምሽጉን ባዶ ንድፍ ይስጧቸውና፣ የኦማን አዛዥ ቢሆኑ ግንቡን በመድፍ ከመደብደብና የባሕሩን መግቢያ ከመዝጋት የትኛውን እንደሚያስቀድሙ ከነምክንያቱ እንዲጽፉ ይጠይቋቸው።