ከቤት ሆኖ ማዘዣ መላክ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የቤተሰብ ሐኪም ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እሠራለሁ። ከቤት ሆናችሁ በኮምፒውተር ለታካሚ መድኃኒት ማዘዝ ለምትጀምሩ ባልደረቦቼ የምላችሁ ይህን ነው።

ልጆች ጌም የሚጫወቱበት ላፕቶፕ ላይ የታካሚ መዝገብ አይከፈትም። ለሥራ ብቻ የሚሆን ይኑራችሁ። መጀመሪያ ቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነታችሁን ከሌላ ሰው ዓይን የሚሰውር ፕሮግራም) አብሩ፣ ከዚያ የክሊኒኩን ሲስተም ክፈቱ። የካፌ ዋይፋይ ይቅርባችሁ፤ የስልካችሁ ሆትስፖት ይሻላል።

ከመላካችሁ በፊት ማዘዣው ወደ የትኛው ፋርማሲ እንደሚሄድ ታካሚውን ጠይቁ። አንድ አርብ ማታ ጆሮውን ለታመመ ሕፃን አሞክሲሲሊን ላክሁ። መዝገቡ ላይ የነበረው ግን የድሮ ሰፈራቸው ፋርማሲ ነው። እናቱ ጠዋት ደወሉልኝ። ልጁ ሲያለቅስ አድሯል። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። አሁን ሁሌም «የትኛው ፋርማሲ? የትኛው መንገድ ላይ ያለው? አሁን ክፍት ነው?» እላለሁ። የልጁን ክብደትም እንደገና እጠይቃለሁ፤ መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነው።

እንደ ኦክሲኮዶን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ላሉ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። የአሜሪካ የመድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ዲኢኤ፣ በኤሌክትሮኒክ እንዲታዘዙ የፈቀደው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ግን ሁለት ማረጋገጫ ይፈልጋል። እኔ የይለፍ ቃልና ቶክን፣ ማለትም በየጊዜው የሚቀያየር የማረጋገጫ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ፣ እጠቀማለሁ። ቶክኑ ከምታዙበት ኮምፒውተር የተለየ መሆን አለበት። ለማንም አትስጡት፣ ለምታምኗት ነርስም ቢሆን። ሕጉም አይፈቅድም።

«ላክ» ብላችሁ ወዲያው ላፕቶፑን አትዝጉ። አልደረሰም የሚል መልእክት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ፋርማሲው ጋ ራሳችሁ ደውሉ።