ቃጫ ስትተክሉ እነዚህን ተዉ

አጋቬ፣ በደፈናው ቃጫ የምንለው፣ ድንጋይ ላይ የሚኖር ተክል ነው። ሆኖም ችግኝ በምሸጥበት መንገድ ዳር መስከረም በጠባ ቁጥር "ያ የሸጥክልኝ ሞተ" ብሎ የሚቆጣኝ አይጠፋም።

የሚገድለው ውሃ ነው። ዘንድሮ አንዲት እናት በቀለም ባልዲ የተከሉትን አሸክመው መጡ። "ልጄ፣ ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ እኮ!" አሉኝ። መሃሉን ይዤ ሳብ ሳደርገው ሳይታገለኝ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ታቹ ቡናማ ጭቃ ሆኗል፣ ሽታው አይጣል ነው። ባልዲውን ብገለብጠው አንድ ቀዳዳ የለውም! እማማ፣ ይሄ ጎመን አይደለም። ውሃውን የሚያጠራቅመው ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ሥሩ አየር ካጣ ይበሰብሳል። በበጋ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ አጠጡት፤ ሐምሌና ነሐሴ ታዛ ሥር አስገቡና እርሱት። መረሬ አፈር አይሆነውም። ግማሹን አሸዋ ወይም ብሎኬት የሚሠራበትን ፑሚስ ቀላቅሉበት።

ሳሎን የከረመውን በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አታውጡ፣ ቅጠሉ ይቃጠላል።

እሬት ነው ብሎ መቀባትስ? ይህን እኔም ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ፀሐይ የላጠው ክንዴን ጭማቂውን ቀባሁት፤ ሌሊቱን ሳክ አደርኩ። ለካ ጭማቂው ውስጥ ዓይን የማያያቸው እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች አሉ። ቅጠሉ ሲሰበር እሬት ዝልግልግ ነው፣ ቃጫ ግን ክር ይጎትታል። ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት።

ከሥሩ የበቀለውን ልጅ ስትነጥሉ ቁስሉ ጥላ ውስጥ ሳምንት ያህል ይድረቅ፤ ከዚያ ትከሉት።

በር ዳር ደግሞ በፍጹም! የሜክሲኮው ትልቁ ዓይነት ዛሬ ስንዝር ቢሆንም ወርዱ ሁለት ሜትር ያልፋል፤ የጫፉ እሾህ የሚደርሰው ልጅ ዓይን ላይ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ከዓመታት በኋላ "ምሰሶ አወጣ፣ አበበ!" ብሎ በደስታ ደወለልኝ። ሲደርቅበት ግን መድኃኒት ፍለጋ መጣ። መድኃኒት የለውም፤ ይህ ዓይነት ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ አንዴ ያብብና ይሞታል። ግንዱን ሊነቅል ሲል ሄጄ አስቆምኩት። ዙሪያውን 11 ልጆች ነበሩ፤ አራቱን እኔው መልሼ ገዛሁት።